«ተመስገን፣ ተኛች»፦ ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ አጠገብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምት ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት። የጎንደር ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሳንባ ምች የጸናባቸው እናት ከምሽት ጀምሮ ሲያለከልኩ ቆይተዋል፤ በደቂቃ 38 ጊዜ ይተነፍሳሉ። ድንገት ዝም አሉ። ልጃቸው ጋቢውን እስከ ትከሻቸው ሳብ አድርጎ «ተመስገን ሲስተር፣ እንቅልፍ ወሰዳት» አለኝ። አምኜው ወደ ሌላ አልጋ አለፍኩ። ተመልሼ እጃቸውን ስይዝ በላብ ርሷል። ብጠራቸው አይሰሙም። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ 10 ነው። ጓደኛዬ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች፣ እኔ በአምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባው ከረጢት፣ ማስተንፈስ ጀመርኩ። ተርፈዋል። እኔ ግን ያን «ተመስገን» እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህን የምጽፈው ለአዳዲስ ነርሶችም፣ አልጋ ዳር ለሚያድሩ አስታማሚዎችም ነው።

ዝም ማለትን እንደ መሻል መቁጠር

በኃይል የሚተነፍስ ሰው ከባድ ሥራ ላይ ነው። የደረቱና የአንገቱ ጡንቻ ያለ እረፍት ሲለፋ ውሎ ያድራል። ከዚያ ይዝላል። ሲዝል ትንፋሹ ይቀንሳል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እሱም ያደነዝዘዋል። ከሩቅ ለሚያየው ሰላማዊ እንቅልፍ ይመስላል።

እንዴት ይለያል? ትንፋሹ ከ38 ወደ 22 የወረደ ታካሚ ዓይኑ ንቁ ከሆነ፣ ላቡ ከደረቀ፣ የአንገቱ ጡንቻ ካልተሳበ እውነትም ተሽሎታል። ቁጥሩ ወርዶ ሰውየው ከፈዘዘ ግን ጊዜ የለም፣ ሐኪም ይጠራ። እኔ አንድ ነገር ልማድ አድርጌያለሁ፤ «እማማ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» እላለሁ። በአንድ ትንፋሽ ከጨረሱት ጥሩ ነው። መሃል ላይ ካቋረጡ እዚያው እቆማለሁ። ትንፋሽ ሲቆጠር ደግሞ ሙሉ 60 ሰከንድ ነው፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። «ልቆጥርዎት ነው» ማለትም አያስፈልግም፣ ሰው ሲያውቅ አተነፋፈሱ ይቀየራል።

የሚወራጨውን ማሰር ወይም ማደንዘዝ

ማስኩን እየነቀለ የሚጥል፣ ከአልጋ ልውረድ የሚል ታካሚ «አስቸጋሪ» ይባላል። ቶሎ ዲያዜፓም የሚባለው ማስታገሻ ይወጋ የሚል ሰው አይጠፋም። ኦክስጅን ያጠረው አንጎል እንዲህ ነው የሚያደርገው! ማስታገሻው የቀረችውን ትንፋሽ ሊያጠፋት ይችላል። መጀመሪያ ሲሊንደሩ አልቆ እንደሆነ፣ ቱቦው ከአልጋው ብረት ሥር ታጥፎ እንደሆነ፣ አክታ ዘግቶት እንደሆነ እንይ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ነው።

ጣት ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ማመን

ፐልስ ኦክሲሜተር፣ ጣት ላይ ተሰክቶ የደሙን ኦክስጅን (ሳቹሬሽን) በመቶኛ የሚለካው፣ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ግን ይሳሳታል። በቀዘቀዘ ጣት ላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል ወይም ጭራሽ አያነብም፤ ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለምም ያሳስተዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው እንኳ ቁጥሩ ከቆላው ሰው ትንሽ ዝቅ ሊልበት ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ከሰል ነው። በር ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች ሲመጡ መሣሪያው 98 ሊያሳይ ይችላል። ከደሙ ጋር የተጣበቀውን የከሰል ጋዝ ከኦክስጅን መለየት አይችልማ። እንዲህ ላለ ታካሚ ቁጥሩ ምንም ይበል፣ ኦክስጅን በከፍተኛ መጠን ይሰጠዋል።

ሁሉንም ታካሚ 100 ለማድረስ መጣርም ስህተት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭስ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች አሉ። ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ግቡ ብዙ ጊዜ ከ88 እስከ 92 ነው፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሊጠራቀምባቸው ይችላል። ይህን ፈርቶ ኦክስጅኑን ጨርሶ መንቀል ደግሞ የባሰ ነው።

ማስኩና ፍሰቱ ሳይተዋወቁ

ከረጢት ያለው ማስክ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል። 5 ሊትር ብቻ ከሚሰጥ ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ በመብራት የሚሠራ መሣሪያ) ላይ ሰክተነው ከረጢቱ ተጣብቆ ካየን ታካሚው እየታፈነ ነው። ተራው ማስክም ከ5 ሊትር በታች አይሰጥበትም፤ ታካሚው ያወጣውን አየር መልሶ ይስባል።

ሲሊንደሩን ደግሞ እናስላው። ውኃ ቢሞላ 40 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 150 ባር ካሳየ፣ 40 በ150 ሲባዛ፣ ውስጡ ታምቆ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለ። በደቂቃ 15 ሊትር ሲሄድ 400 ደቂቃ ነው። ምሽት 12 ሰዓት የተከፈተው ሌሊት 7 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ኮንሰንትሬተር ላይ ያለ ታካሚም መብራት የጠፋ ዕለት የሚተነፍስበት ሲሊንደር አጠገቡ ይኑር።

በጀርባ አስተኝቶ አጥሚት ማጠጣት

አስታማሚ ባዶ እጁን አይመጣም። አጥሚቱ በፔርሙዝ ይመጣል፣ ፍቅር ነው። ግን በጀርባው ተንጋሎ ለሚያለከልክ ሰው አንድ ጉንጭ እንኳ ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል። ከወገቡ በላይ ቀና ይበል፣ ነርሷ ትጠየቅ፣ ከዚያ በማንኪያ ቀስ እየተባለ ይሰጠው። የፈዘዘ ሰው በአፉ ምንም አይቀበልም። ጸበል የሚመጣላቸውም አሉ፤ ግንባራቸውን እናብስላቸው እላለሁ፣ አባትም መስቀሉን ማስኩ ሳይነሳ ግንባራቸው ላይ ያሳርፉታል። እስካሁን የተቀየመኝ የለም። ጧፍ ግን ኦክስጅን ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይበራም።

ሰክሽን ሲደረግ፣ ማለትም አክታ በቱቦ ሲሳብ፣ በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ አይለፍ፤ ቀድሞም ኦክስጅን ይጨመርለት።

«ኦክስጅን ከገባለት አለቀለት»

ይህን ቃል ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ስለዚህም ማስኩን በድብቅ የሚያነሱ ቤተሰቦች አሉ። ኦክስጅን መድኃኒት ነው። በልኩ ከተሰጠ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። ቤተሰቡን ቁጭ አድርገን፣ ከረጢቱ ሲነፋና ሲቀንስ እያሳየን እናስረዳ። ገብቷቸው ማስኩን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ አስታማሚዎች አይቻለሁ።

ርክክብ ላይ «ደህና ናቸው» ማለት

ይህ ቃል ለተረኛው ምንም አይነግረውም። እንዲህ ይባል፦ «አልጋ 7፣ በማስክ 10 ሊትር ላይ ሳቹሬሽን 89፣ ትንፋሽ 34፣ ማታ 28 ነበር፣ ስማቸውን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቅቷቸዋል፣ ሐኪም ተነግሮታል።» ይህን የሰማ ተረኛ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ወደ አልጋ 7 ይሄዳል።