ያለ ንግግር የሚያስቅ ትዕይንት እንዴት ይሠራል? ከሮዋን አትኪንሰን የምንወስደው

ሚስተር ቢንን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ሰው ግን ነገሩ ፊት ማጣመም ብቻ ይመስለዋል። ሚስተር ቢንን ሆኖ የሚጫወተው እንግሊዛዊው ሮዋን አትኪንሰን ኒውካስል እና ኦክስፎርድ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነው። ደራሲው ሪቻርድ ከርቲስን ያገኘውም ኦክስፎርድ እያለ ነው። አብረው እየጻፉ እ.ኤ.አ. በ1983 ብላክአደር የተባለውን ኮሜዲ፣ በ1990 ደግሞ ሚስተር ቢንን ለቴሌቪዥን አበቁ። እኔ የሚስተር ቢንን ክፍሎች ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር የምደነቀው በአሠራራቸው ነው፤ በዘፈቀደ የገባ እንቅስቃሴ አይታይባቸውም። በስልካችሁ አጫጭር ኮሜዲ የምትቀርጹ ከሆነ እንዲህ ሞክሩት።

መጀመሪያ ሰውዬው ምን እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ካቃታችሁ ሌላ ሐሳብ ፈልጉ። ከዚያ ሰው ሥርዓት የሚይዝበት ተራ ቦታ ምረጡ። የሚስተር ቢን የመጀመሪያ ክፍል ፈተና ክፍል፣ ባሕር ዳርቻ እና ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው የሚያልፈው።

አሁን ከባዱ መጣ፤ መሰናክሉ። ባሕር ዳርቻውን እንይ። ቢን የዋና ቁምጣውን መልበስ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ግን አንድ ሰው ተቀምጧል። ያፍራል። ስለዚህ ቁምጣውን ከሱሪው በላይ አጥልቆ፣ ሱሪውን ከሥር ጎትቶ ለማውጣት መከራውን ያያል። በመጨረሻ ሰውዬው ሲነሳ ዓይነ ስውር ሆኖ ይገኛል። ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ!

ልብ በሉ፣ መሰናክሉ ከውጭ አልመጣም። ማንም አልከለከለውም፤ ያሰረው የራሱ እፍረት ነው። ብዙ ቪዲዮዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰው ተንሸራትቶ ይወድቃል ወይም በጥፊ ይመታል፣ አንዴ ያስቃል፣ በቃ። አትኪንሰን ቢንን ሲገልጸው በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ልጅ ይለዋል። እናንተም በየእርምጃው «ልጅ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ለሰውዬው ፍጹም ትክክል፣ ለተመልካች ደግሞ ጉድ መሆን አለበት። መጨረሻውንም ቀድማችሁ ጻፉት። ዓይነ ስውሩ እኮ ገና ከመጀመሪያው እዚያው ተቀምጦ ነበር!

ዕቃ ላይ ስትደርሱ አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 በቀረበ ዘጋቢ ፊልም የተናገረውን ያዙ። አንድ ዕቃ ወይም ሰው የሚያስቀው ያልተለመደ ነገር ሲያደርግ፣ ያለቦታው ሲገኝ ወይም መጠኑ ትክክል ሳይሆን ሲቀር ነው። በገናው ክፍል ቢን ጭንቅላቱ ላይ የተሰካችበት ተርኪ (ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ) ያለቦታዋ የገባች ናት። አንድ ዕቃ ይበቃል፤ ስትደራርቡት ዓይን ይበተናል። ካሜራውን ደግሞ ራቅ አድርጉት፣ እጅም እግርም ይታይ።

መሞከሩን አትዝለሉት። አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳ፣ ሞንትሪያል የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ ገጸ ባህሪውን ይዞ የወጣው በፈረንሳይኛው መድረክ ነው። ቋንቋውን ለማይሰማ ተመልካች ያስቅ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነበር። እናንተ ድምፁን አጥፍታችሁ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩ፤ እያያችሁም አታስረዱት። የት ላይ ግራ እንደገባው ጠይቁትና ያቺን ቦታ እንደገና ቅረጹ። ካልሳቀ ሙዚቃና የሳቅ ድምፅ ለመጨመር አትሩጡ፤ ወደ መሰናክሉ ተመለሱ።