በራስ እጅ የተሻሻለ ካራቫን ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ያገለገለ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) ገዝቶ ተጨማሪ ባትሪ፣ የሶላር ፓኔል፣ ኮምፕረሰር ያለው ፍሪጅ፣ መደርደሪያ ወይም የጣሪያ መስኮት መግጠም እጁ ሥራ ለለመደ ሰው አያቅትም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብልሽት ግን ብዙውን ጊዜ መነሻው የተገዛው ዕቃ አይደለም። ሽቦው ቀጥኖ ነው፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ላልቶ ነው፣ ቪቴው (ብሎኑ) ሥር ማሸጊያ ሳይገባ ቀርቶ ነው፣ የተጨመረው ክብደት ሳይመዘን ቀርቶ ነው። ስለዚህ አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይግዙ። እዚህ ያሉት ቁጥሮች በአውሮፓ ለሚገኙ፣ ውስጣቸው 12 ቮልት፣ በካምፒንግ (በካራቫን ማቆሚያ ቦታ) የሚያገኙት መስመር ደግሞ 230 ቮልት ለሆነ ካራቫኖች የሚያገለግሉ ናቸው።

ፍሪጁ ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይጠፋል

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ቅሬታ ነው፤ ሰውም ወዲያው ባትሪውን ይጠረጥራል። ቀን ላይ ሶላሩ ባትሪውን ከ13.5 ቮልት በላይ ስለሚያቆየው ሽቦው የሚበላው ቮልት አይታወቅም። ፀሐይዋ ስትገባ ባትሪው ወደ 12.5 ይወርዳል፣ ያን ጊዜ የሽቦው ጉድለት ይጋለጣል።

ብዙ ባለ 12 ቮልት ፍሪጆች ባትሪ እንዳይሞት የሚጠብቅ ባለ ሦስት ደረጃ ማስተካከያ አላቸው። በከፍተኛው ደረጃ ላይ ካለ፣ ለፍሪጁ የሚደርሰው ወደ 11.8 ቮልት ሲወርድ ራሱን ያጠፋል። አሁን ሽቦውን እናስላ። የመዳብ ሽቦ መቋቋም በኦም የሚገኘው 0.0175ን በመሄጃና በመመለሻው ድምር ርዝመት በሜትር አባዝቶ ለሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር በማካፈል ነው። ባትሪው ከፍሪጁ 6 ሜትር ቢርቅ ድምሩ 12 ሜትር ይሆናል። ባለ 1.5 ሽቦ ከሆነ 0.14 ኦም ነው፤ ፍሪጁ 5 አምፔር ሲስብ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ማለትም ባትሪው 12.5 እያለው ፍሪጁ 11.8 ብቻ ያያል፣ ባትሪው አልቋል ብሎም ይጠፋል። ፍሪጁ ሲጠፋ ጭነቱ ስለሚነሳ ቮልቱ ይመለሳል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ለመነሳት ይሞክራል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይኸው ነው።

ግምት እንዳይሆን ፍሪጁ እየሠራ ይለኩ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በፍሪጁ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። የሚታየው ቁጥር በዚያ ሽቦ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። በኔጌቲቩም እንዲሁ ያድርጉ። ሁለቱ ተደምረው ከ0.3 ቮልት ባይበልጡ ጥሩ ነው። ፖዘቲቩ 0.2፣ ኔጌቲቩ 0.6 ካሳየ ጥፋቱ ያለው ማሳው ላይ ነው፤ የዛገ ቪቴ፣ ከቀለም በላይ የታሰረ ጫፍ ወይም ለብዙ ዕቃ በጋራ የዋለ አንድ ቀጭን ሽቦ ይፈልጉ።

መፍትሄው ከባትሪው እስከ ፍሪጁ ለብቻው ባለ 6 ሽቦ፣ ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም መዘርጋት ነው። በዚያው ርቀት የሚጠፋው ወደ 0.18 ቮልት ይወርዳል። ሻሲውን እንደ መመለሻ አይጠቀሙ። መነሻው ላይ 15 አምፔር ፊውዝ ይግጠሙ። የሽቦ ጫፍ ማያያዣዎችም በቀለማቸው ይለያያሉ፦ ቀዩ እስከ 1.5፣ ሰማያዊው እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6 ላለው ሽቦ ነው። ወፍራሙን ሽቦ ሰማያዊው ውስጥ ለማስገባት ከክሩ ግማሹን የሚቆርጡ አሉ፤ ያ ቦታ ይሞቃል፣ ቀስ በቀስም ይቃጠላል። መጭመቂያውም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ይሁን፤ በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ጫፍ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይላላል።

አንዳንዶች ችግሩን ለማለፍ የፍሪጁን መጠበቂያ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ያወርዱታል። ሽቦው ሳይታረም ይህን ማድረግ ጉድለቱን መደበቅ ነው፤ በኋላ ሽቦው ሲቀየርም ማስተካከያው እዚያው ከተረሳ የሊድ አሲድ ባትሪን ባዶ እስኪሆን ያስጨርሳል።

ባትሪው ሙሉ መስሎ አንድ ሌሊት አያድርም

ከቻርጅ በተነሳበት ቅጽበት የተለካ ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ ይመስላል። ሁሉንም ነገር ነቅለው ሦስት አራት ሰዓት ያሳርፉትና ይለኩ። ለሊድ አሲድ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። ከግማሽ በታች ደጋግሞ የወረደ ሊድ አሲድ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 100 አምፔር ሰዓት ከተባለው ባትሪ በደህና የሚገኘው 50 ያህሉ ብቻ ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ የድሮውን ባለ ሦስት ኃይል ፍሪጅ ይመልከቱ፤ በጋዝ፣ በ230 እና በ12 ቮልት የሚሠራውን ማለታችን ነው። በ12 ቮልት ሲሠራ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። 12 ቮልቱ የተሰጠው ለጉዞ ብቻ፣ የመኪናው ሞተር እየሠራ ነው። በተጨመረው ባትሪ ላይ ከተያያዘ በአምስት ሰዓት ውስጥ ግማሹን ይጨርሰዋል። ቆመው ሳሉ ጋዙን ወይም 230ውን ይጠቀሙ።

መኪናው ባትሪውን በጉዞ ላይ የማይሞላው ከሆነ ደግሞ መኪናውንና ካራቫኑን የሚያገናኘውን ባለ 13 ፒን ሶኬት ይፈትሹ። 9ኛው ፒን የማይቋረጥ ፖዘቲቭ ነው፣ ማሳው 13ኛው፤ 10ኛው ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ፖዘቲቭ ነው፣ ማሳው 11ኛው። መጎተቻ ሲገጠም የመብራቱ ብቻ ተያይዞ 9ኛውና 10ኛው ባዶ የቀሩበት መኪና ጥቂት አይደለም። ሽቦው ካለ እንኳ የአዳዲስ መኪኖች ዲናሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ስለሚቀንስ ከኋላ ያለው ባትሪ አይሞላም። ለዚህ የሚያገለግለው ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ነው፤ ከካራቫኑ ባትሪ አጠገብ ይገጠማል። የሚስበው አምፔር መኪናው ውስጥ ካለው የመስመሩ ፊውዝ በታች መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙት።

ወደ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ የቀየሩ ሰዎች በክረምት «አይሞላም» ይላሉ። እነዚህ ባትሪዎች ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለባቸውም፤ ጥሩ መቆጣጠሪያ ያላቸው ራሳቸው ይዘጋሉ። ባትሪውን ከወለል በታች ካለ ሳጥን አውጥተው ወደሚሞቀው ክፍል ያስገቡት፣ የድሮው ቻርጀር የሊቲየም ምርጫ እንዳለውም ያረጋግጡ።

ሶላሩ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም

በጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ የተገጠመ 100 ዋት ፓኔል 100 ዋት የሚሰጥበት ሰዓት በአውሮፓ የለም ማለት ይቻላል። በበጋ ጥሩ ቀን ከ300 እስከ 400 ዋት ሰዓት ይጠብቁ፤ በታኅሣሥ የዚህ ቁራጭ ብቻ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ጥላ ይፈልጉ። ከጣሪያ መስኮቱ ክዳን ወይም ከቴሌቪዥን አንቴና የሚወርድ የእጅ ስፋት ያህል ጥላ የፓኔሉን ትልቅ ክፍል ሊያጠፋ ይችላል። ሁለት ፓኔሎች በተከታታይ ተያይዘው አንዱ ጥላ ውስጥ ከሆነ በትይዩ ያያይዟቸው። በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚገባውን የቻርጅ መቆጣጠሪያ ሲገጥሙ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን ያገናኙ፤ ሲነቅሉ መጀመሪያ ፓኔሉን ይንቀሉ። ተራው ሲገለበጥ የሚበላሽ መቆጣጠሪያ አለ።

ኢንቨርተሩ ይጮሃል፣ የካምፒንጉ ብሬከር ይወርዳል

1,000 ዋት የሚበላ ምድጃ ከ12 ቮልት ባትሪ 90 አምፔር ገደማ ይስባል። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 230 የሚቀይረው ዕቃ) ከባትሪው ከአንድ ሜትር ባይርቅ፣ ሽቦው ከ25 እስከ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ፊውዙም ባትሪው ላይ ቢሆን ድምፁ ያቆማል። የእንጀራ ምጣድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ለካራቫን ኢንቨርተር የማይታሰብ ነው። ብዙ ካምፒንጎች የሚሰጡት መስመር 6 ወይም 10 አምፔር ነው፤ ይህም 1,380 ወይም 2,300 ዋት ማለት ነው። ባለ 16 አምፔሩ እንኳ 3,680 ላይ ያበቃል፣ ማሞቂያው በዚያ ላይ ከተጨመረ ይወርዳል። እንጀራውን ቤት ጋግሮ መሄድ፣ ለቡናው የጋዝ ምድጃውን መጠቀም ይሻላል።

ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል

ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ለባለ 1.5 ሽቦ 10፣ ለባለ 2.5 ሽቦ 20፣ ለባለ 4 ሽቦ 30 አምፔር አይለፉ። ከተቃጠለ ትልቅ ፊውዝ መክተት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው፤ ያ ሽቦ ደግሞ ከኮምፔንሳቶና ከፎም መካከል ተቀብሯል። ሽቦው በላሜራ ጠርዝ የተላጠበትን ወይም በመደርደሪያ ቪቴ የተበሳበትን ቦታ ይፈልጉ። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን።

ግድግዳው ይለሰልሳል፣ ካራቫኑ ሻጋታ ይሸታል

ካራቫንን የሚገድለው ውሃ ነው። የአብዛኛው ግድግዳ ከውጭ ቀጭን አልሙኒየም፣ መሃሉ ፎምና የእንጨት ዘንግ፣ ከውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ውሃ አንዴ ከገባ መውጫ ስለሌለው እንጨቱ ለዓመታት እየበሰበሰ ከውጭ ምንም አይታይም።

መጀመሪያ ከሰው እስትንፋስ የሚመጣውን እርጥበት ይለዩ። የሚርሰው ፍራሹ ሥር ብቻ ከሆነና ጠዋት ጠዋት ከሆነ ፍሳሽ አይደለም፤ ፍራሹን ከርብራብ እንጨት ላይ አንስተው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አየር ይስጡት። ጥግ ላይ ከሆነና ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ግን ፍሳሽ ነው። ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ይዘው ጥጎቹን፣ የመስኮት ዙሪያዎቹንና እርስዎ የበሱትን ሁሉ ይለኩ። እስከ 15 በመቶ ደህና ነው፣ ከ20 በላይ መግቢያውን መፈለግ ይገባል፣ ከ30 በላይ ከሆነ እንጨቱ ሳይበሰብስ አይቀርም።

መግቢያውን ለማግኘት አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ፣ ሌላው በውጭ በጎማ ቧንቧ ውሃ ያፍስስ። ከታች ጀምረው ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ እየቆዩ ይውጡ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የትኛው እንደሚያፈስ አይታወቅም። ውሃ የታየበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ ሜትር ሊራራቁ እንደሚችሉ አይርሱ።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ከአልሙኒየሙ ጋር በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲሳሳብ ጠርዙ ይላቀቃል፤ ቅሪቱ ላይ ደግሞ አዲስ ሲሊኮንም ሆነ ሌላ ማጣበቂያ አይዝም። ስለዚህ ከላይ መደረብ ዋጋ የለውም። ክፍሉን ያውልቁ፣ አሮጌውን በፕላስቲክ መፋቂያ እስከ መጨረሻው ይፋቁ፣ ያጽዱና ያድርቁ። በቪቴ ለሚጨመቁ ነገሮች፣ ለምሳሌ ለጣሪያ መስኮት ክፈፍና ለድንኳን ሐዲድ፣ የማይደርቀውን የቡቲል ማሸጊያ ይጠቀሙ። ለሶላር መያዣና ለሽቦ መግቢያ ኤምኤስ ፖሊመር ወይም ፖሊዩሬታን የተባሉት ማጣበቂያዎች ይሻላሉ። ቪቴውን በአንዴ እስኪያንቅ አያጥብቁ፤ ማሸጊያው ሁሉ ወጥቶ ያልቃል። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። የተጣበቀ ፓኔል ቢያንስ 24 ሰዓት፣ በብርድ ከዚያም በላይ ሳይነካ ይቆይ፤ ከዚያ በፊት አውራ ጎዳና አይውጡ።

እርጥብ እንጨት ላይ አይዝጉ። የውስጡን ኮምፔንሳቶ ከፍተው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው አውጥተው፣ ቀሪው ወደ 15 በመቶ እስኪወርድ በእርጥበት መምጠጫ ያድርቁት። ሳምንታት ይፈጃል፤ መቸኮል ግን ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

መደርደሪያው ከነቪቴው ይነቀላል

3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቪቴ አይዝም፣ ከኋላው ያለውም ፎም ነው። 9 ወይም 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ከመደርደሪያው የሰፋ ጣውላ በፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፣ መደርደሪያውን እዚያ ላይ በቪቴ ይግጠሙ። ረጅም ቪቴ መፍትሄ አይደለም፤ በውጭ በኩል ብቅ ይላል።

ከማሻሻያው በኋላ ካራቫኑ መንገድ ላይ ይወዛወዛል

ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዷል። ከኋላ የተሰቀሉ ብስክሌቶች ከነመያዣቸው 40 ኪሎ ቢሆኑና ከአክስሉ (ጎማዎቹን ከሚይዘው ዘንግ) 3 ሜትር ቢርቁ፣ መጎተቻው ደግሞ ከአክስሉ 4 ሜትር ወደፊት ቢሆን፣ ከመጎተቻው ላይ 30 ኪሎ ያነሳሉ። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይሁን፤ 1,300 ኪሎ ላለው ከ65 እስከ 91 ኪሎ ማለት ነው፣ ግን በመኪናውም በመጎተቻውም ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛው ገደብ አይለፍ። ካራቫኑን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርገው የመጎተቻውን ጭንቅላት በአጭር እንጨት በቤት ሚዛን ላይ ያሳርፉት፤ ሚዛኑ ይነግርዎታል። ባትሪና የውሃ ጋን ከአክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ቀድሞ ይቀመጡ። በጉዞ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብለው ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ፍጥነት መጨመርም መሪ ማዞርም ያባብሰዋል።

ከወለሉ ብርድ ይገባል

ይህን አንባቢ በጥሞና ይያዘው። በወለሉና በጋዝ ሳጥኑ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ስህተት አይደሉም። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ የሚወጣው በእነዚያ ብቻ ነው፣ ምድጃና ማሞቂያ የሚፈልጉት አየርም በዚያው ይገባል። ከአዲስ ወለል ወይም ምንጣፍ በታች ተሸፍነው ከሆነ ዛሬውኑ ይክፈቷቸው። ብርዱን ለመቀነስ በካራቫኑ ዙሪያ ከውጭ ሸራ መዘርጋት ይቻላል፤ በአንድ በኩል አየር እንዲያልፍ ክፍት ይተዉለት፣ ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ማስጠንቀቂያ ይስቀሉ። የጋዝ ቧንቧውን ራሱን መቁረጥና ማያያዝ ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው።