«ይሄማ ጉብታ ነው»፦ በስኮትላንድ ኮረብታ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ግላስጎው ወይም ኤደንብራ ለሚኖር ሐበሻ፣ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ለመጣ እንግዳ፣ ቅዳሜን ኮረብታ ላይ ማሳለፍ ርካሽና ደስ የሚል ነገር ነው። አብዛኛው ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይወርዳል። ቀኑን የሚያበላሹት ስህተቶች ግን ሁሌም እነዚያው ናቸው።

ከፍታውን አይቶ መናቅ

ይሄ በተለይ የእኛ ሰው ስህተት ነው። ቤን ሎመንድ 974 ሜትር ነው። የመላ ብሪታንያ ረጅሙ ተራራ ቤን ኔቪስ እንኳ 1,345 ሜትር ነው፤ ከመርካቶ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ያንሳል። ማለዳ እንጦጦ ላይ ሲሮጥ የኖረ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። እዚህ መነሻውም ዝቅ ያለ ነው። የሎክ ሎመንድ ሐይቅ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ከሐይቁ ዳር ከሮዋርደናን ተነስቶ ቤን ሎመንድ ጫፍ የሚደርስ ሰው 950 ሜትር ገደማ ሽቅብ በእግሩ ይወጣል። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ያን ያህል ሽቅብ የለም። በዚያ ላይ አገሩ ሰሜን ነው። ነፋሱ ከአትላንቲክ ይነሳል፣ ከፍ ካሉ በኋላም የሚከልል ዛፍ የለም። ኬርንጎርም የሚባለው ተራራ 1,245 ሜትር ብቻ ነው፤ በማርች 1986 ግን በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ነፋስ ተመዝግቦበታል። እርግጥ እንዲህ ያለው ነፋስ በየቅዳሜው አይመጣም። ታች በቲሸርት የተጀመረ ጉዞ ጫፍ ላይ ጣት የሚያደነዝዝ መሆኑ ግን የተለመደ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሙንሮ አትጀምሩ። ሙንሮ የሚባሉት ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆኑት ተራሮች ናቸው። ስማቸውን ያገኙት በ1891 ዝርዝራቸውን ካወጣው ከሰር ሂው ሙንሮ ነው። አሁን 282 ናቸው፤ አንድ በአንድ ወጥቶ ለመጨረስ ዕድሜውን የሚያጠፋ ሰው ሞልቷል። ሐሳባችሁ መዝናናት ከሆነ ኤደንብራ ጥግ ያሉት የፔንትላንድ ኮረብታዎች፣ ስተርሊንግ አጠገብ ያለው ዱማያት (418 ሜትር)፣ ወይም ከባልማሃ መንደር በላይ ያለው ኮኒክ ሂል (360 ሜትር ገደማ) ከበቂ በላይ ናቸው። ከኮኒክ ሂል ላይ የሎክ ሎመንድ ደሴቶች በመስመር ተሰልፈው ይታያሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጉም ውስጥ ተቀብሮ ከሚውል ሙንሮ ይሄ ይሻላል።

በጂንስና በስኒከር መውጣት

ጂንስ ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ነፋስ ሲመታው ደግሞ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ቀላል የስፖርት ሱሪ ይበልጣል። ከላይ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ስስ ስሱን መደራረብ፣ በመጨረሻም ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ማድረግ ነው። ሽቅቡ ላይ ሲሞቃችሁ ታወልቃላችሁ፤ ቆማችሁ ምሳ ስትበሉ መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። ጓንትና የሹራብ ኮፍያ በኦገስትም ቢሆን ቦርሳ ውስጥ ይግቡ። ውድ ዕቃ መግዛት የግድ አይደለም፤ ቻሪቲ ሱቆች ውስጥ ደህና ጃኬት አይጠፋም። ጃንጥላ የሚይዝ ሰውም አይቻለሁ። ነፋሱ ገልብጦ ይመልስለታል።

ጫማው የሚቆነጥጥ ሶል ያለውና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መሬቱ ማጥ ነውና። ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው አቋራጭ ብዙ ጊዜ እስከ ጉልበት የሚውጥ ረግረግ ነው። ዎክሃይላንድስ የሚባለው ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ መንገድ የረግረጉን መጠን ጭምር ደረጃ ይሰጣል። ከመውጣታችሁ በፊት እሱን ተመልከቱ።

የከተማውን የአየር ትንበያ ማመን

ስልካችሁ «ግላስጎው፣ ከፊል ደመናማ» ቢላችሁ ስለ ኮረብታው ምንም አልነገራችሁም። ማውንቴን ዌዘር ኢንፎርሜሽን ሰርቪስ የተራራ ትንበያ በነጻ ያወጣል። ዝናቡን ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ለሚራመድ ሰው ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ደመናው እስከ የት እንደሚወርድ ይናገራል። ትንበያው መጥፎ ከሆነ ዝቅ ወዳለ ኮረብታ ቀይሩ። ተራራው የትም አይሄድም።

ፀሐይዋ 12 ሰዓት ላይ የምትጠልቅ መምሰል

አገር ቤት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ኤደንብራ በዲሴምበር መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ገደማ ትጠልቃለች። በጁን ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ። በክረምታቸው ከቤት አርፍዶ መውጣት ማለት በጨለማ መውረድ ማለት ነው። በየትኛውም ወር በግንባር የሚታሰር ባትሪ ያዙ፤ የስልክ መብራት አይበቃም።

ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማወቅ ዊልያም ኔይስሚት የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያስቀመጠው ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት መያዝ ነው። ቤን ሎመንድ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሽቅቡ 950 ሜትር ገደማ፤ አራት ሰዓት ይመጣል። ስሌቱ ግን ምሳውን፣ ፎቶውንና «ትንሽ እንረፍ» የሚለውን አያውቅም። የጓደኛሞች ጉዞ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩበት። ፍጥነቱን የሚወስነውም ከሁሉ ዘግይቶ የሚራመደው ሰው ነው።

ስንቁ ላይ ብዙ ምክር አያስፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ሻይ በፔርሙስ። የሚጾም ካለ የሚበላበትን ሰዓት አስልታችሁ ተነሱ።

ሁሉን ነገር ለስልክ መተው

ጉም ሲወርድ የሚታየው አሥር እርምጃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው መንገድ የሚስተው ሲወጣ ሳይሆን ከጫፉ ሲነሳ ነው፤ ወደ ተሳሳተው ጎን ይወርዳል። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብም ጣት አይሰማም። ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ የኦርድናንስ ሰርቬይን ወይም የሃርቪን የወረቀት ካርታ ከኮምፓስ ጋር ያዙ። በጠራ ቀን እያያችሁ ተለማመዱበት።

ሚጅና መዥገርን አለማሰብ

ሚጅ ደቃቃ ነካሽ ዝንብ ናት። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ በተለይ በምዕራቡ በኩል፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋትና ማታ በመንጋ ትመጣለች። ትንሽ ነፋስ ካለ ግን መብረር አትችልም፤ ስለዚህ ለምሳ ነፋሻ ቦታ ምረጡ። እሷ ብታናድድ እንጂ አትጎዳም።

መዥገሩ ነው የሚያሳስበው። ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ይጠብቃል፣ ላይም የሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ማታ ቤት ስትገቡ ከጉልበት በስተጀርባ፣ ብብትና ጭን፣ የልጆችን ደግሞ የፀጉር ሥር ፈትሹ። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቫዝሊን መቀባት፣ በእሳት መተኮስ የለም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ከወጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አጥር አይቶ መመለስ

«የሰው መሬት ነው፣ ይቆጡናል» ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። በስኮትላንድ በ2003 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት ማንም ሰው በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ በእግሩ መሄድ ይችላል። የሰው ግቢና የተዘራ ማሳ አይካተትም። በተረፈ የከፈታችሁትን በር መልሳችሁ ዝጉ። በጎች በሚወልዱበት በፀደይ ወቅት ውሻ ካላችሁ እሰሩት፤ ጥጃ ካላት ላም ራቁ።

የመጨረሻውን አውቶቡስ አለመጠየቅ

እሑድ አውቶቡስ ይሳሳል። የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ አትውጡ። በመኪና ከሆነ ደግሞ በጠባቡ የገጠር መንገድ ላይ ለመተላለፊያ የተተዉትን ቦታዎች ፓርኪንግ አታድርጓቸው።

ለእርዳታ መደወልን መፍራት

አንዳንዱ ወገናችን ሂሳብ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። አይመጣም። ወደ 999 ደውሎ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ እርዳታ መጠየቅ ነው። የሚመጡት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አገልግሎቱም ነጻ ነው። ኔትዎርክ ደካማ ሲሆን በቴክስት መልእክትም ወደ 999 መጻፍ ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ስልካችሁ አስቀድሞ ከተመዘገበ ነው። ለዚህም «ሬጂስተር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ወደ 999 ላኩና የሚመጣላችሁን መመሪያ ተከተሉ። ፊሽካ ካላችሁ በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙት።