ፎሌ ላይ ወደፊት የምትሳበው ትራክተር

ደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ ሳር የማጭድባት ትንሽ ትራክተር አለች። ሰሞኑን ፎሌ ላይ አድርጌ ፍሬን ስለቅ ቀስ እያለች ወደፊት መሳብ ጀመረች። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ካምቢዮዋ ሃይድሮስታቲክ ነው። ፓምፕ ዘይት እየገፋ ጎማውን የሚያዞረውን የሃይድሮሊክ ሞተር ያንቀሳቅሳል። ፓምፑ ውስጥ ያለችው ሳህን ስትቃና ዘይት አይገፋም፣ ትራክተሯም ትቆማለች። የፀጉር ያህል ካዘነበለች ግን ትሄዳለች። ስለዚህ ካምቢዮ ተበላሸ ብላችሁ ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከፔዳሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ዘንግ እዩ።

የኔው ዘንግ ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ ላልቶ ነበር። ዙሪያውን ቅባትና የደረቀ ሳር ስለተጋገረበት እስክጠርገው ድረስ አልታየኝም።

በቅድሚያ 15 ደቂቃ ያህል ነዳኋት። የደጋችን የጠዋት ብርድ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ በቀዝቃዛው የተስተካከለ ሲሞቅ ሊለወጥ ይችላል። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገድኩ። የኋላውን በክሪክ አንስቼ ወፍራም ጉማጅ እንጨት ላይ አሳረፍኩት። ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

ሞተሩን አጥፍቼ ዘንጉን ግማሽ ዙር አዞርኩ። አስነስቼ ሳይ የጎማው መዞር ባሰበት። አቅጣጫው ተሳስቷል ማለት ነው። አጥፍቼ በተቃራኒው ሦስት ሩብ ዙር ስመልሰው ጎማው ቀጥ አለ። ፔዳሉን ወደፊትም ወደኋላም ረግጬ ለቀቅኩ፤ ሁለቴም ቆመ።

ዳዶውን ስታጠብቁ ዘንጉን በሌላ ቁልፍ ያዙት። አብሮ ከዞረ ልኩ ይበላሻል፤ እኔም እንደገና የሠራሁት ለዚሁ ነው።