የተለያየ ራም ከመቀላቀላችሁ በፊት

ዴስክቶፓችሁ ላይ ያለው 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) አልበቃ ካለ፣ ነባሩን አውጥታችሁ አዲስ ጥንድ መግዛት ግዴታ አይደለም። የሌላ ብራንድ ራም ብትጨምሩበትም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ትውልዱ ግን አንድ መሆን አለበት። ዲዲአር3 የዲዲአር4 ማስገቢያ ላይ አይገጥምም፤ ታች ጠርዙ ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያል። እምቢ ካለ በጉልበት አትግፉት። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው የሰርቨር ራምም አያጓጓችሁ፣ ተራ ዴስክቶፕ ብዙውን አይቀበለውም።

ፍጥነታቸው ቢለያይስ? ሁሉም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ። 3200 የሚለውን ከ2666 ጋር ብትሰኩት ሁለቱም 2666 ላይ ይሠራሉ። ለኤክሴልና ለብሮውዘር ልዩነቱ አይታወቃችሁም፤ ጌም ለሚጫወት ግን ይሰማዋል።

8 ላይ 4 ጊጋባይት ብትጨምሩ፣ በብዙ ማዘርቦርዶች አዲሱ 4 ከ8ቱ ውስጥ ከ4ቱ ጋር ተጣምሮ በዱዋል ቻናል (በሁለት መስመር በአንዴ) ይሠራል፤ ከ8ቱ የተረፈው 4 ለብቻው በቀስታ ይሄዳል። ስለዚህ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እኔ ሌላ 8 እገዛለሁ።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ራሙን ቀጭ እስኪል ሰኩት። ከዚያ የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሜሞሪ ብላችሁ መጠኑንና ፍጥነቱን እዩ። ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ ስህተት ሲገጥመው የሚያሳየው) ካስቸገራችሁ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ኤክስኤምፒን፣ ማለትም ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ማስተካከያ፣ አጥፉ። አሁንም ካልተስተካከለ አንድ አንዱን ለየብቻ እየሰካችሁ በዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ ፈትሹ፤ የተበላሸው ይለያል።