ስለ ወፍ ጉንፋን ቫይረስ ለውጥና ስርጭት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎንደርና በዙሪያዋ ዶሮ የሚያረቡም ሆኑ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ሰዎች ስለ ወፍ ጉንፋን ሲነጋገሩ ቫይረሱን ብዙ ጊዜ የማይለወጥ አድርገው ይወስዱታል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ግምት ይመነጫሉ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሥር የሰደደው ስህተት «ኤች5ኤን1» የሚለውን ስም የአንድ ቫይረስ መታወቂያ አድርጎ መያዝ ነው። ስሙ የሚናገረው ቫይረሱ በላዩ ስለሚሸከማቸው ሁለት ፕሮቲኖች፣ ስለ ሄማግሉቲኒንና ስለ ኒውራሚኒዴዝ፣ ብቻ ሲሆን፣ ዘረመሉ ግን በስምንት የአር ኤን ኤ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። አንዲት ዳክዬ በአንድ ጊዜ በሁለት ዓይነት ቫይረስ ስትያዝ ቁራጮቹ ተደባልቀው አዲስ ጥምረት ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ ከዚህም ሌላ ቫይረሱ ሲባዛ የሚፈጠሩትን የቅጂ ስህተቶች የሚያርምበት መንገድ ስለሌለው ጥቃቅን ለውጦች ይጠራቀማሉ። በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ ከዝይ የተገኘውና በ2021 መጨረሻ ሰሜን አሜሪካ የደረሰው ሁለቱም ኤች5ኤን1 ይባላሉ፤ ኤች5ታቸውም በዘር ይገናኛል። የኋለኛው ኤን1 ግን ከዱር ወፎች ቫይረስ በቅልቅል የገባ እንጂ ከጓንግዶንጉ የወረደ አይደለም። ስለዚህ የአንድን ቁራጭ የዘር ሐረግ ብቻ ሥሎ «ከዚህ መጣ» ብሎ መደምደም፣ በመመረቂያ ጽሑፍም ቢሆን፣ የቀሩትን ሰባቱን መርሳት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቀላል ሕመም የሚያስከትለውን ዓይነት መናቅ ነው። ኤች5 እና ኤች7 በዶሮዎች መካከል ሲዘዋወሩ ሄማግሉቲኒን የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ወይም አጠገቡ ለውጥ፣ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያዎች)፣ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ቀድሞ በመተንፈሻና በአንጀት ተወስኖ የነበረው ቫይረስ በመላው አካል መባዛት ይጀምራል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በ1983 የተከሰተው ኤች5ኤን2 በሚያዝያ ቀላል ነበር፤ በጥቅምት ገዳይ ሆነ፤ ወረርሽኙን ለመግታትም ከ17 ሚሊዮን በላይ ወፎች ተወገዱ።

ጥፋቱን ሁሉ በስደተኛ ወፎች ላይ መጣልም፣ የዱር ወፍ ምንም አያመጣም ማለትም ያው ስህተት ነው። የአውሮፓና የእስያ የውሃ ወፎች የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው በእኛ በጋ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በ2021 መጨረሻ በእስራኤል ሁላ ሸለቆ ቫይረሱ ክሬን የሚባሉትን ባለ ረጅም እግር ወፎች በሺዎች ፈጅቷል፤ ያው ዝርያ በጣና ዙሪያም በጋውን ያሳልፋል። ዳክዬዎች ደግሞ ጤነኛ መስለው ቫይረሱን በኩሳቸው ውሃ ውስጥ ሊጥሉ ስለሚችሉ፣ የሞተ ወፍ አለመታየቱ ማስረጃ አይሆንም። ይሁንና ከሐይቁ ዳር እስከ ጎንደሯ አዘዞ ጓሮ ያለውን መንገድ ቫይረሱ ብቻውን አይሄደውም፤ በጫማ ሥር በተጣበቀ ኩስ፣ ከእርባታ እርባታ በሚዞር የእንቁላል ትሪ፣ ወይም ለፋሲካ ገበያ ወጥታ ሳትሸጥ በተመለሰች ዶሮ ሊጓዝ ይችላል። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ለይቶ ማቆየት ወፎችን ከማባረር ይሻላል፤ የተባረረ መንጋ የተሸከመውን ይዞ ሌላ ውሃ ላይ ያርፋልና።

ድንገተኛ የዶሮ እልቂትን ሁሉ «ፈንግል (ሌላው ገዳይ የዶሮ በሽታ) ነው» ብሎ ማለፍም የተለመደ ስህተት ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ የፈንግል ክትባትም ከወፍ ጉንፋን አይከላከልም። ከጉሮሮና ከኩስ መውጫ የተወሰደ ናሙና በቅዝቃዜ ተይዞ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት።

የመጨረሻው ስህተት የታመመችን ዶሮ «ሳትሞት አርደን እንብላት» ማለት ነው። ሰው ለቫይረሱ ይበልጥ የሚጋለጠው ሲያርድ፣ ላባ ሲነጭና ሆድ ዕቃ ሲያወጣ ነው፤ በደንብ የበሰለው ወጥ ያን ያህል አያሰጋም። በሆንግ ኮንግ በ1997 በኤች5ኤን1 ከተያዙት 18 ሰዎች 6ቱ ሞተዋል፤ የገበያ ጥናቶችም ዋናውን ተጋላጭነት ያገኙት በሕይወት ያሉ ዶሮዎች በሚሸጡባቸው ቦታዎች ነው።