ሱባ ጫካ ለመሄድ ካሰባችሁ

ከአዲስ አበባ በጠዋት ውጡ፣ ረፋዱ ላይ ከደረሳችሁ ዋናው ነገር አምልጧችኋል። ጉሬዛ ለማየት አንጋጣችሁ አንገታችሁን አታድክሙ። ቆም በሉና አድምጡ፤ አልነሳም እንዳለ ሞተር ሳይክል የሚያጓራ ነገር ከሰማችሁ እሱ ነው፣ ከዚያ ነጭ ጭራው ከዝግባው ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ድኩላ ግን እየተንጫጫችሁ ከሆነ እርሱት።

ጥዶቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ልጣቸው እንደ ሪባን በረጅሙ ይላጣል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጫካው ወዳለበት ወጨጫ ተራራ አናት የምትወጡ ጃኬት ያዙ፣ ላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ጋ ስትደርሱ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። በክረምት ደግሞ ስኒከር እንዳታደርጉ፤ እኔ አንዱን እግር ጭቃው አስቀርቶብኛል።